ትኩሳቱን ማን ለካው?

ጅማ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ሐኪም ጋር ሳይደርስ ፍርዱ ያልቃል። ጫት ነው ይባላል። ጫት የማይቅም ከሆነ «አስነክተውት ነው»። ሰሞኑን ታሞ ተኝቶ ከነበረ ደግሞ «ወባው አናቱ ላይ ወጥቶ ነው»፤ ወባ ካልሆነም ታይፎይዱ።

ይቺ የመጨረሻዋ አሁን አዲስ ደጋፊ አግኝታለች። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ከቫይረስ ጋር ሊያያዝ ይችላል የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ጀበና ቡና ላይ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ወሬው ገና ሳያልቅ አንዱ «ታዲያ ይተላለፋላ!» አለ።

አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በአንድ ሲኒ በመጠጣት ስኪዞፍሬኒያ የያዘው ሰው የለም። ይህን ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። አንድ የማውቀው ቤት ቡና ሲፈላ ለታመመው ልጅ የሚቀዳው ጠርዟ በተሸረፈች ሲኒ ነው። ሲኒዋ ረከቦቱ ላይ አትደረደርም፤ ለብቻዋ ታጥባ መስኮቱ ላይ ትደፋለች። እናትየው ልጇን ንቃው አይደለም፤ እንግዳ ይጸየፋል ብላ ነው። እዚያ ቤት «ቫይረስ» የሚል ወሬ ቢገባ ሲኒዋ ጓሮ ትወጣለች። ልጁም ይከተላታል።

ያም ሆኖ ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት፣ ዛሬም ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥንለት ወረርሽኝ፣ ዓለም የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ነው። ያኔ ቦስተን ውስጥ ካርል ሜኒንገር የሚባል ወጣት ሐኪም ከጉንፋኑ በኋላ አእምሯቸው የታወከ ሰዎችን እየመዘገበ ነበር። አንዳንዶቹ ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለውን በሽታ ቁርጥ ይመስሉ ነበር። ቆይቶ ሲያያቸው ግን ብዙዎቹ ድነዋል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ጥያቄውን ግን አወሳሰበው። ከትኩሳት ጋር የመጣ መቃዠትና ቀስ እያለ ለዓመታት የሚቆይ ስኪዞፍሬኒያ አንድ ናቸው ወይ?

ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ማህፀን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሌላ ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ዞሮ ነበር። በ1988 ተመራማሪው ሳርኖፍ ሜድኒክና ባልደረቦቹ ሄልሲንኪ ውስጥ ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ፅንስ የነበሩትን ሲመለከቱ፣ ስኪዞፍሬኒያ በዝቶባቸው አገኙት። ዓለም ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ ሌሎች በየአገሩ ሞከሩት፤ አንዳንዱ አገኘ፣ አንዳንዱ አጣ። በ1964ቱ የኒው ዮርክ የሩቤላ (የጀርመን ኩፍኝ) ወረርሽኝ ጊዜ ማህፀን ውስጥ ሳሉ በበሽታው የተጠቁት ልጆች ግን ሲያድጉ በሥነ አእምሮ ሕመም የመያዛቸው ነገር በግልጽ ከፍ ያለ ነበር። ጥርጣሬው የሚያርፈው ቫይረሱ ራሱ ላይ ብቻ አይደለም። የእናትየው ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚፈጠረው መቆጣት የፅንሱን አንጎል አሠራር ሊነካ ይችላል ይላሉ ተመራማሪዎቹ። በ2016 ከስኪዞፍሬኒያ ጋር በጥብቅ የተያያዘ የዘር ምልክት ሲፈተሽ የተገኘውም ሲ4 የሚባል የበሽታ መከላከያ ዘረመል መሆኑ ይህን ጥርጣሬ አጠናክሮታል።

ይህን የምታነቢ ነፍሰ ጡር እህቴ፣ አትደንግጪ። ጉንፋን ይዟቸው ከወለዱ እናቶች የአብዛኞቹ ልጆች ደህና ናቸው። እዚህ የምናወራው ስለ ትንሽ ጭማሪ እንጂ ስለ ዕጣ ፈንታ አይደለም።

ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው የምች ነገር ነው። ፀሐይ መትቶን ወይ አተኩሶን ሲያበቃ ከንፈራችን ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል። ምች መታኝ እንላለን፣ ዳማከሴ አሽተን እንጠጣለን። አብዛኛውን ጊዜ ያ ቁስል ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው። በልጅነት ይገባና ከፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል፤ ስለዚህ እናቶቻችን ፀሐይዋን መክሰሳቸው ልክ ነበር። ይህ ቫይረስ አልፎ አልፎ፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ አንጎል ውስጥ ይገባል። የሚወደው ቦታ ደግሞ ከጆሮ በላይ ያለውን፣ ትውስታና መስማት የሚስተናገዱበትን ክፍል ነው። ሰውየው ያተኩሰዋል፣ ይዘባርቃል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል። ቤተሰብ «አበደ» ይላል። ካልታከመ 70 በመቶ ገደማውን ይገድላል። መድኃኒት ግን አለው፤ አሳይክሎቪር ይባላል፤ ጥቅሙም ቶሎ ሲጀመር ነው።

እንግዲያው የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ሁሉ የሄርፒስ መድኃኒት ይሰጠው? አሜሪካ ውስጥ ሞክረውታል። ሕመሙ ገና የጀመራቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን ቫላሳይክሎቪር፣ ለሌላው የማስመሰያ ክኒን ሰጡ። ልዩነት አልመጣም።

ከቫይረስ ወጣ ብሎ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋሲም ይጠረጠራል። በድመት ዓይነ ምድርና በጥሬ ሥጋ ይገባል፤ ቁርጥ ወዳዶች ይቅር በሉኝ። ቡታጅራ አካባቢ የእኛው ተመራማሪዎች አይተውታል፤ የተሕዋሲው ምልክት በታማሚዎቹ ደም ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል። ችግሩ በጤነኛውም ደም ውስጥ ሞልቷል። ሁለት ነገር አብሮ ተገኘ ማለት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር በኢንፌክሽንና በከባድ የአእምሮ ሕመም መካከል የማያጠራጥር አንድ ግንኙነት አለ፤ እሱን ግን በስልክ የሚቀባበለው የለም። እዚያው ቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያና ሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትለዋል። 121ዱ ሞቱ። ከሞቱት ወደ ግማሽ የሚጠጉትን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የነበረባቸው በአማካይ ወደ 28 ዓመት የሚሆን ዕድሜ ተነጥቀዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።

እንዴት እንደሚሆን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰውየው ሲያስለው «ዛሬ ደግሞ ማሳል አመጣ» ይባላል። ሲንቀጠቀጥ ጂኒው ተነሳበት። ምግብ ሲተው አመሉ ነው። ጤና ጣቢያ ቢወስዱት እንኳ ካርዱ ላይ የተጻፈው የአእምሮ ሕመም ዓይን ይሸፍናል። ሌላው ታማሚ ገና ሲገባ ቴርሞሜትር ብብቱ ሥር ይገባለታል፤ እሱ «መድኃኒቱን ይወስዳል?» ተብሎ ይሸኛል። ሳል ለሁለት ሳምንት ከቆየ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል፤ ይህ ለእሱም ይሠራል። ወባ እንደ ጅማ ዙሪያ ባለበት አገር፣ በድንገት የዘባረቀ ሰው ጣቱ ተወግቶ ደሙ ሳይታይ «አእምሮው ነው» ማለት ጥፋት ነው።

ጅማ ላይ የሥነ አእምሮ ሕክምና ፈልገው በመጡ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሕመሙ ከጀመረ እስከ ዘመናዊ ሕክምና ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። በመሃል ግማሽ ያህሉ የሃይማኖት ወይም የባህል ሐኪም ጋር ደርሷል። ጠበሉንም ዱዓውንም አልቃወምም፤ ሰው ተስፋ ባለበት ይሄዳል። ግን ደንቡ አንድ ይሁን። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት ካለ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ያውም በዚያው ቀን። ስኪዞፍሬኒያ በአንድ ሌሊት እምብዛም አይመጣም፤ በሳምንታትና በወራት ነው የሚሸርበው። በአንድ ሌሊት የመጣ ነገር ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይድናል።

የቫይረሱን ምርምር ተመራማሪው ይቀጥል፤ አንድ ቀን ፍሬ ያፈራ ይሆናል። ከጤና ጣቢያዎቻችን የምጠይቀው ግን ምርምር አይፈልግም። የአእምሮ ታማሚ ለክትትል በመጣ ቁጥር ትኩሳቱ ይለካ፣ ክብደቱ ይመዝገብ፣ ስለ ሳል ይጠየቅ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም አጎበር ለማደል ቤተሰብ ሲቆጥሩ፣ ጓዳ የተዘጋበትንም ሰው ጠይቀው ይቁጠሩት።