ካራት በፊት ይለካል

የአገሬን ወርቅ ገዢ ሳላመሰግን ብሞት ቅር ይለኛል። ሌላው ዓለም ስንት ዘመን ወርቅ ሲያሽ፣ ሲያቀልጥ፣ ውሃ ውስጥ ሲነክር፣ አሲድ ሲያንጠባጥብበት ኖሯል። እኛ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ጥበብ ተገላግለናል፤ የሻጩን ፊት እናያለን። ፊቱ ካማረን ወርቁ 21 ካራት ነው፣ አለቀ።

በዚህ ጥበብ አክስቴን የሚስተካከላት አላየሁም። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ለሙሽራይቱ ሐብል ልትገዛ አብሬያት ሄድኩ። የመጀመሪያውን ወርቅ ቤት «ዓይኑ ይቅበዘበዛል» ብላ ጣለችው። የሁለተኛው ሰውዬ የዕለቱን የግራም ዋጋ ጽፎ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ሐብሉን ሚዛን ላይ አስቀመጠና ቁጥሩን ወደ እኛ አዞረው፤ የወርቁን ለብቻ፣ የእጁን ዋጋ ለብቻ ነገረን። አክስቴ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ደጅ ስንወጣ «ይሄ ነጋዴ ነው» አለችኝ፣ ነጋዴ ቤት መግባታችን አሁን የገባት ይመስል። «እንዴት ዋላችሁ ሳይል ቁጥር!»

ሦስተኛው ግን ገና ከበሩ ተነስቶ ተቀበለን። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ልጅ ልኮ ለስላሳ አስመጣ። ከኋላው የመድኃኔዓለም ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር የሟች አባቱ ፎቶ። «እማማ፣ አገርዎ የት ነው?» ሲላት ፊቷ ወገግ አለ። ሲጠያየቁ ቆይተው የእናቱ አገር ከእኛ አገር አንድ ወንዝ ብቻ የሚለየው ሆኖ ተገኘ። ወንዙ ሲገኝ ካራቱም ተረጋገጠ። ሐብሉ ላይ አክስቴ ለራሷም ቀለበት ጨመረች፣ መሀሉ አተር የምታክል ቀይ ፈርጥ ያለበት።

«ሚዛኑን ብናየውስ?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰውየው ምንም ቅር ሳይለው «ልጅ እኮ ነው» አላት። እሷ ግን እስከ ዛሬ ታፍርብኛለች። ቀይዋ ፈርጥም ከነቀለበቱ ተመዝና በወርቅ ሂሳብ ተከፈለባት፤ ብርጭቆ እንዲህ ያለ ክብር የት አገር አይቶ ያውቃል? «21 ነው፣ እኔ ልሙት» አለ ሰውየው። ካራት በሞት ሲመሰከርለት የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይጠይቃል? «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለበት፤ እርስዎ ግን እንደ እናቴ...» ብሎ ሳይጨርስ አክስቴ ጨረሰችለት፤ «ምን ሊሠራልን ልጄ፣ ከወገን ጋር!» ስልኩን በብጣሽ ወረቀት ጻፈላት። ወረቀቷ እስካሁን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ናት።

ቁጥር የሚወዱ ሰዎች አይጠፉም። ንጹሁ 24 ነው፤ 21 ካራት ከመቶ 87.5 እጁ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት 75 እጁ፤ የቀረው መዳብና ብር ነው ይሏችኋል። በዚህ ስሌት 18ቱን በ21 ዋጋ የገዛ ሰው በየ10 ግራሙ 1.25 ግራም ወርቅ መርቆ ሄዷል። እና ምን ይጠበስ? አትክልት ተራ ምርቃት እየጠየቅን ወርቅ ቤት ስንደርስ ብንመርቅ ምኑ ነው ነውሩ? ደግሞ ከቀለበቱ ውስጥ 875 ወይም 750 የሚል ማህተም ፈልጉ ይላሉ። ማህተሙን መምታት እኮ ለመዶሻና ለብረት ቀላል ሥራ ነው። አክስቴ ይህ ቀድሞ ገብቷታል፤ ስለዚህ ማህተሙንም አታየው።

የሰፈራችን ልጅ ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ መጣች። እዚያ ዴይራ ወርቅ ገበያ የዕለቱ ዋጋ የታወቀ ነው፤ ክርክሩ የእጅ ዋጋው ላይ ነው። ልጅቷ ያንን ለምዳ እዚህ ወርቅ ቤት ገብታ «እስቲ ፊቴ ፈትሸው» አለች አሉ። እናቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ሰፈሩም «ወይ ዓረብ አገር፣ ይሉኝታዋን ቀምቶ ላካት» ብሎ አለቀሰላት። እውነትም የወርቅ ቤት ዋናው ካፒታል መስኮቱ ላይ የተደረደረው አይደለም፤ የእኛ ይሉኝታ ነው። «አላመንሽኝም?» የምትለዋን አንዲት ቃል ላለመስማት ስንቱ ሙሉ ደመወዙን ከፍሏል!

ቦታም ይመሰክር ነበር። ድሮ «ፒያሳ ነው የገዛሁት» ያለ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ሰፈሩ ራሱ ካራት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ አክስቴ እንባዋን አፈሰሰች። ለታሪኩ መስሎኝ ላጽናናት ስል «እንግዲህ ታማኙን በምን ልንለየው ነው?» ብላ አስደነገጠችኝ።

የሚገርመኝ፣ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት የሚሆነው ምክር ከዚሁ ከወርቅ ሙያ መውጣቱ ነው። አንጥረኛ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት አቅልጦ ያስወጣውና በቦታው ወርቅ ያፈስሳል። ባለቅኔዎቻችን ሰምና ወርቅ ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው፤ ሰሙን ትታችሁ ወርቁን ፈልጉ ሲሉን። ቅኔ ቤት እንፈልገዋለን። ወርቅ ቤት ስንገባ ሰሙን አይተን፣ ሰሙን ወደን፣ ለሰሙ ከፍለን እንወጣለን።

አምና አክስቴ ጣራዋ ማፍሰስ ጀመረና ለቆርቆሮ ገንዘብ ቸገራት። ቀለበቱን ልትሸጥ ወደ ዚያው የአገር ልጅ ሄድን። «እማማ!» ብሎ ተነሳ። ወንበር፣ ለስላሳ፣ የወንዙ ወሬ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ከዚያ ቀለበቱን ተቀበለና መነጽሩን አጠለቀ። ቀይዋን ፈርጥ በጉጠት ፈልቅቆ አወጣና በወረቀት ጠቅልሎ መለሰላት፤ «ይቺ አትመዘንም» አለ። ቀለበቱን ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸው። ከትንሽ ጠርሙስ አሲድ ጠብ አደረገበት፣ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ፣ አፉን ወደ ጎን ጠመም አደረገ። መዘነ። አንስቶ እንደገና መዘነ። «18 ነው እማማ» አለ። ቀጥሎ መታወቂያዋን ጠየቃት፣ የተሰረቀ እንዳይሆን።

አክስቴ ለስላሳውን ሳትነካው ተነሳች። ደጅ ደርሰን፣ ፈርጧን ከነወረቀቷ ጨብጣ ቆመችና ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «አየኸው?» አለችኝ። «የአገሬ ልጅ አላመነኝም እኮ!»