ደሞዙን በብር አትመንዝረው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል። በመስኮቱ በኩል የድንጋዩ አንበሳ ይታያል። ማኪያቶ አዘን ስለ ኳስ እያወራን ሳለ አንዱ ወዳጃችን ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዱባይ የቅጥር ደብዳቤ መጥቶለታል። መሐንዲስ ነው። ደሞዙ በወር 12,000 ድርሃም። ባለትዳር ነው፤ የ8 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉት።

«በብር ስንት ይመጣል?» አለች ባንክ የምትሠራው ጓደኛችን።

እሱ ቀድሞ አስልቶታል። ከ400 ሺህ በላይ። ሁላችንም ዝም አልን። እዚህ ምን ያህል እንደሚያገኝ እናውቃለን።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዛሬውኑ ፈርም እንጂ!»

አራተኛው ሰው በዕድሜ ይበልጡናል፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዱባይ ሰባት ዓመት ሠርተው ነው የተመለሱት። «በብር አትመንዝረው» አሉት። «ዳቦውን የምትገዛው በድርሃም ነው።»

ከዚያ ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተቀበሉና አንድ ሶፍት ዘርግተው መጻፍ ጀመሩ።

«እዚያ ቤት የምትከራየው በዓመት ነው። የምትከፍለው በቼክ ነው። በአንድ ቼክ፣ በሁለት፣ በአራት እየተባለ ትደራደራለህ፤ ቼኩ ሲበዛ ኪራዩም ከፍ ይላል። ከመሀል ወጣ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት 72,000 በለው። በአራት ቼክ ከሆነ የመጀመሪያው 18,000። ማስያዣ 5 በመቶ፣ 3,600። ደላላውም 5 በመቶ ይወስዳል፣ ሌላ 3,600። ለዴዋ 2,000 ታስይዛለህ።» ዴዋ የዱባይ የመብራትና ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ደመሩት። 27,200 መጣ። «ይሄ ገና ሥራ ሳትጀምር የሚወጣ ነው። የሁለት ወር ደሞዝህ አይሸፍነውም። አልጋ የለበትም፣ ፍሪጅ የለበትም።»

ሶፍቱን ገልብጠው በወር የሚወጣውን ጻፉ። ኪራዩ በወር ሲካፈል 6,000። የኪራዩ 5 በመቶ «የቤት ክፍያ» ተብሎ ከመብራት ቢል ጋር ይመጣል፤ በወር 300። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በዋናነት ለአገሩ ልጆች ስለሆነ የእሱ ልጆች የሚገቡት የግል ነው። የህንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩት ረከስ ይላሉ። ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000 ቢያዝ ለሁለቱ በወር 3,333። ከ12,000ው የቀረው 2,367።

«በዚህ አራት ሰው ይብላ፣ ትራንስፖርት ይክፈል። መብራትና ውሃ፣ ስልክ አለ። ያንተን የጤና መድን ቀጣሪህ ይከፍላል፤ የሚስትህና የልጆችህ ያንተ ዕዳ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ኤሲ ቀን ከሌት አይጠፋም። ካጠፋኸው ልጆቹ አይተኙም።»

«ሻርጃ ቢከራይስ?» አልኳቸው። ሻርጃ የዱባይ ጎረቤት ከተማ ናት፤ ኪራዩ እንደሚቀንስ ሰምቼ ነበር።

«ይቀንሳል። ጠዋትና ማታ መንገድ ላይ ግን ዕድሜህ ያልቃል።»

ጓደኛችን አልተረታችም። «እሺ፣ ቤተሰቡ እዚህ ይቆይ። እሱ ብቻውን ሄዶ ቤድ ስፔስ ይያዝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰው ጋር ተዳብሎ ማደር ነው፤ ስንቱ ይኖርበት የለ? የደሞዙን ከግማሽ በላይ ይልካል። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህስ ኑሮው ቀላል ነው እንዴ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። አሁን የት እንደደረሰ በየቀኑ መስኮቴ ላይ አየዋለሁ። ድርሃም እኮ እንደ ፈረንጆቹ ከ1997 ጀምሮ 3.6725 ለአንድ ዶላር ሆኖ ታስሯል፤ ንቅንቅ አይልም። ደሞዙ ላይ የገቢ ግብር የለም። ይሄን እንዴት እምቢ በል እንለዋለን?»

እውነቷን ነው። ብር እጅ ላይ ሲቀልጥ ከእሷ ቅርብ ሆኖ የሚያይ የለም።

ጋሼ ማኪያቷቸውን አማሰሉ። «እኔም ብቻዬን ነው የሄድኩት። ለሁለት ዓመት ብዬ። ትንሿ ልጄ ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ በስልክ ነው ያደገችው። ዛሬም አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ነገር ሲያስፈልጋት ተነስታ ሄዳ ለእናቷ ነው የምትነግረው።»

ማንም መልስ አልሰጠም።

መሐንዲሱን «ባለቤትህ ምን አለች?» አልኩት።

«ገና አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሒሳቡን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ባለቤቱ ፋርማሲስት ናት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ዱባይ በሙያዋ ለመሥራት የትምህርት ማስረጃዋ ተጣርቶ፣ ፈተና ወስዳ፣ ከከተማው የጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለባት። እስከዚያ ደሞዝ የላትም። ሶፍቱ ላይ ያልተጻፈው ይሄ ነው። የእሷ ደሞዝ እዚህ ከቤቱ ይቀነሳል፤ ፈቃዱን ስታገኝ ግን ያ 2,367 መልኩን ይቀይራል። ይህን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያሰላው የለም።

እኔ ይሂድ ባይ ነኝ፤ ግን አብረው። ደብዳቤውንም እንዳለ መፈረም የለበትም። ሁለቴ አነበብኩት፤ ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት አንድ መስመር የለውም። ቤተሰብ ለማምጣት ሕጉ የሚጠይቀው የ4,000 ድርሃም ደሞዝ ነው፤ ስለዚህ ቪዛውን አይከለከልም። አራት ሰው የሚያኖር መሆኑን ግን ማንም አያይለትም። እዚያ የቤት አበልና የልጆች ትምህርት ክፍያ ለብቻው የሚሰጡ ቀጣሪዎች ስላሉ መጠየቁ ነውር አይደለም። የመጀመሪያውን ቼክ ከደሞዝ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ብድር አድርገው እንዲሰጡትም ይጠይቅ። ያለዚያ ያን 27,200 ከዘመድ ተበድሮ ነው የሚሄደው።

እሺ ካሉት የጋብቻና የልደት ማስረጃዎቹን ሳይሄድ እዚሁ ውጭ ጉዳይና የኤምሬትስ ኤምባሲ ያረጋግጥ። ከሄደ በኋላ በውክልና ልጨርስ ቢል ባለቤቱን ነው የሚያንከራትታት። አበሉንም ብድሩንም ከከለከሉት ግን ይቅርበት እላለሁ። ከዚያ 2,367 ላይ በየወሩ ለእናቱ የሚልከው አለ፤ እሱንም አልጻፍነውም።

መልስ የሚጠብቁት እስከ ሰኞ ነው። ሶፍቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ማታ ለእሷ ሊያሳያት።