ጀቱን ተዉት፣ ስፔሩን ንገሩኝ

ባለፈው ሳምንት ከመጋላ ወደ ከዚራ ስሻገር የተሳፈርኩባት ባጃጅ ደቻቱ ላይ ቀጥ አለች። ሰዓቱ ሰባት ተኩል። የድሬን ሰባት ተኩል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሹፌሩ ወረደ፣ ከኋላ ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። እጁን በሱሪው ጠረገና ለመካኒኩ ደወለ። ወሬው አጭር ነበር መሰለኝ፣ «በቃ?» ብሎ ዘጋው።

ችግሩ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ዕቃ ናት። ባጃጇ ከተማው ውስጥ ከሞላው ዓይነት አይደለችም፣ ሌላ ብራንድ ናት። ሲገዛት «ጉልበት አላት፣ ዳገት አትፈራም» ብለውታል። እውነትም ጉልበት አላት። ዕቃዋ ግን ድሬ የለም። አዲስ አበባ ተጠይቆም መልሱ «ምናልባት በሚቀጥለው ወር» ነው።

ሌላ ባጃጅ እስኪመጣ ጥላ ፈልገን ቆምን። ልጁ ቲክቶኩን ከፈተና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የፈረንሳዩ ተዋጊ ጀት ራፋል ከሩሲያው ሱኮይ-30 ጋር ጎን ለጎን፦ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ የሚሳይል ብዛት፣ ከሥሩ ጆሮ የሚደበድብ ሙዚቃ። «አቦ፣ አንተ ታነባለህ አይደል? የትኛው ነው የሚሻለን?» አለኝ። (ጸጉሬ ሸብቷል። የድሬ ልጅ ግን አንቱታ አያውቅም።)

ሳቄ መጣ። መልሱ እኮ እጁ ላይ ነበር።

ነገሩ ከእሱ ስልክ የጀመረ አይደለም። በጥር 2016 አየር ኃይላችን ሱኮይ-30 ተዋጊ ጀቶችንና አኪንጂ የተባለውን የቱርክ ድሮን ካሳየን ወዲህ ፌስቡክ ላይ የጀት ባለሙያ ያልሆነ ሰው ጠፍቷል። «ግብፅ ራፋል አላት፣ እኛስ?» የሚለው ክርክር ወቅት እየጠበቀ ይነሳል። የሚጀምረውም የሚያልቀውም ፍጥነት ላይ ነው። እኔ ግን አገር ጀት ሲገዛ ዋናው ምርጫ ጀቱ አይመስለኝም። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ስልክ የሚደውልለትን መካኒክ ነው የሚመርጠው።

ይህን ያስተማረችኝ ደግሞ ይህቺው ከተማ ናት። በ1969 ልጅ ነበርኩ። በነሐሴ የሶማሊያ ጦር ከተማው ዳር ድረስ ደርሶ ነበር። እናቴ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና አልጋ ሥር ስትከተን ትዝ ይለኛል። ስለ አውሮፕላን ዓይነት የምናውቀው ነገር አልነበረም። ግን በጥቂት ቀን ውስጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእኛንና የእነሱን በድምፅ መለየት ጀመረ። ታናሽ ወንድሜ «የእኛ ነው» ካለ እንወጣለን። አንዳንዴ ይሳሳት ነበር።

የእኛዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ነበሩ። የእነሱ ሶቪየት ሠራሽ ሚግ-21። የዛሬው ቲክቶክ ያኔ ቢኖር ሚግ-21ን ነበር የሚያሸልመው። ሚጉ የድምፅን ፍጥነት በእጥፍ ይበልጣል። ኤፍ-5ኢ ግን 1.6 እጥፍ ገደማ ላይ ያበቃለታል። ሰማዩን የያዙት ግን ኤፍ-5ዎቹ ናቸው። ጀቷ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትጠመዘዛለች፣ ለመጠገንም አታስቸግርም። አብራሪዎቹ ዓመታት የለመዷት ናት፣ አሜሪካ ድረስ ሄደው የሰለጠኑም ብዙ ነበሩ። ሚጎችን የጣለው ለገሰ ተፈራ ራሱ ተመትቶ ተማረከና ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስሮ ተመለሰ። ስለ እሱ ሳስብ ስለ ጀቱ ማውራት ያሳፍረኛል።

አሁን ያንኑ ጦርነት ከስፔር ወገን እንየው። ኤፍ-5ን የሰጠችን አሜሪካ ጦርነቱ ሲነሳ ከደርግ ጋር ተኳርፋ ነበር። ከታዘዙት ጀቶች የቀሩት ሳይመጡ ቀሩ፣ የመለዋወጫውም በር ተዘጋ። ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። ኅዳር 1970 ላይ ሲያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን ጠራርጎ አባረረ። ጀግንነት መስሎት ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚጎቹ መካኒክ ስልክ አያነሳም። የእኛ ልጆች በበኩላቸው በአንድ እጃቸው ኤፍ-5 ይዘው እየተዋጉ በሌላው ሚግ መማር ጀመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለቱም ተዋጊዎች ባለሱቅ ተቀያየረ ማለት ነው። የካቲት 26 ካራማራን ስናከብር ስለ ታንኩና ስለ እግረኛው በደንብ እንናገራለን። ይህን የባለሱቅ ነገር ግን ማንም አያነሳውም።

እንዲያውም የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲታይ የደንበኝነት ታሪክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ያደራጁን ስዊድኖች ናቸው፣ ሳብ-17 አውሮፕላኖችን ይዘው። ያንን ሥራ የመራው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዚያው በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ። ከስዊድን ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ። በ1991 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የእኛ ሱኮይ-27 ከእነሱ ሚግ-29 ጋር ተፋለመ። ሁለቱም ሩሲያ ሠራሽ። ነጋዴ እንዲህ ነው።

ሌሎቹስ እንዴት ይመርጣሉ? የሕንድን ጨረታ ሳነብ በጣም ነው የተደነቅኩት። እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በኋላ የውጭ አገሮቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) 126 ጀት ልግዛ ብላ ጨረታ አወጣች። ስድስት ተወዳዳሪ ቀረበ፦ የፈረንሳዩ ራፋል፣ የአውሮፓውያኑ ታይፉን፣ የአሜሪካኖቹ ኤፍ-16 እና ኤፍ-18፣ የሩሲያው ሚግ-35፣ የስዊድኑ ግሪፐን። ሕንዶቹ ብሮሹር አላመኑም። ጀቶቹን መጀመሪያ ባንጋሎር፣ ከዚያ ጃይሳልመር በረሃ፣ ከዚያም ሌህ የሚባለው የሂማላያ አየር ማረፊያ ወስደው ፈተኑ። ሌህ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው።

ይህቺን የሌህ ሙከራ እኛ በተለይ ልብ ልንላት ይገባል። ቢሾፍቱ ያለው ዋናው ሰፈር (ስሙ ሐረር ሜዳ ነው፣ ሐረር ግን አይደለም፣ ስንቱን ሰው አሳስቷል!) ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ድሬ ዝቅ ትላለች፣ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሙቀቷ ግን አይነገርም። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፣ ክንፍም ይደክማል። ሲሞቅም ያው ነው። ስለዚህ ብሮሹሩ ላይ «ስምንት ቶን ይሸከማል» የተባለለት ጀት በቀትር ከድሬ ልነሳ ካለ ወይ ጭነቱን ይቀንሳል ወይ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ይህን ለባጃጅ ነጂ ማስረዳት አያስፈልግም። ባዶዋን ዳገት የምትወጣው ባጃጅ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫንባት ምን እንደምትሆን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሕንድ ይህን ሁሉ ለፍታ በ2012 ራፋልን መረጠች። ከዚያ ዋጋና ኃላፊነት ላይ ሦስት ዓመት ተጨቃጭቀው ነገሩ ፈረሰ። በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፓሪስ ሄደው 36 ራፋል በመንግሥትና በመንግሥት ስምምነት እንገዛለን አሉ። በ2016 ተፈረመ፣ ዋጋው ወደ 8 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ። ዘጠኝ ዓመት የወሰደው ፈተና መጨረሻው የሁለት መሪዎች መጨባበጥ ሆነ።

ብራዚልም እንዲሁ ናት። በ2013 አሜሪካ የፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍን ግንኙነት ስትሰልል እንደነበር ሲሰማ፣ ሴትየዋ የዋሽንግተን ጉብኝታቸውን ሰረዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው ኤፍ-18 ቀረና 36 ግሪፐን ተመረጠ። ዋጋውም፣ ስዊድኖቹ ሙያውን እናስተምራለን ማለታቸውም አግዟል። ቀልዱ ምን መሰላችሁ? የግሪፐኑ ሞተር አሜሪካ ሠራሽ ነው። ከአማትህ ሸሽተህ የተከራየኸው ቤት የአማትህ ሆኖ ሲገኝ በለው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የስዊዘርላንድ ነው። እነሱ ጀት መግዛትን ለሕዝብ ድምፅ ያቀርባሉ። በ2014 ሕዝቡ 53.4 በመቶ ሆኖ «ግሪፐን አንገዛም» አለ። በ2020 እንደገና ተጠየቀ፣ በ50.1 በመቶ ለጥቂት አለፈ። መንግሥት በ2021 የአሜሪካውን ኤፍ-35 መረጠ፣ 36 ጀት፣ ዋጋው የተቆረጠ ነው ተባለ። በ2025 አሜሪካ እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ሊያስፈልግ ይችላል አለች። «ዋጋው ተቆርጧል» «አልተቆረጠም» እያሉ ተካረሩ። ስዊሶች እንኳ፣ ሰዓት ሠሪዎቹ፣ ውል ላይ እንዲህ ከሆኑ እኛ ምን ልንባል ነው?

ፓኪስታን ደግሞ ለኤፍ-16 ገንዘቡን ከፈለች። በ1990 አሜሪካ በፓኪስታን የኒውክሌር ፕሮግራም ምክንያት ማስረከቡን አቆመች። ተሠርተው ያለቁ 28 ጀቶች አሜሪካ ውስጥ በረሃ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ሒሳቡ ሲዘጋ ከተመለሰላት ውስጥ ስንዴ ነበረበት። ጀት አዝዞ ስንዴ!

እዚህ ላይ ወደ ሐረር ልውጣ። እነዚያን ሰማያዊ ፔጆ 404 ታክሲዎች ያላየ የለም። ፈረንሳይ መኪናዋን ማምረት ያቆመችው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የሐረር መካኒክ ግን አንዱን ፔጆ ገድሎ ሁለቱን ያኖራል። የጎደለውን ይቀጠቅጣል፣ ይሞርዳል፣ ከሌላ መኪና አውጥቶ ያለምዳል። ኢራን አሜሪካ ሠራሹን ኤፍ-14 ጀት እንዲህ ነው ያኖረችው። ንጉሧ ሻሁ ሳይወድቁ 79 ተረከበች። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ አሜሪካ ስፔሩን ዘጋች። ኢራኖች ግን አንዱን እየፈቱ ለሌላው እየገጠሙ ከአርባ ዓመት በላይ አበረሩት። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ኤፍ-14ን ጡረታ ሲያወጡ ዕቃው ኢራን እንዳይደርስ ብለው ጀቶቹን በማሽን አደቀቋቸው። የሐረር ፔጆ እንኳን እንዲህ ያለ ጠላት የለውም።

መካኒክ ያለው አገር ስፔር ተከልክሎም ይቆያል ማለት ነው። የተገላቢጦሹን ለማየት ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። 26 ግሪፐን ገዛች፣ ግዢው ራሱ በሙስና ክስ ዓመታት አወዛገበ። ጀቶቹ ግን ጥሩ ነበሩ። በጀት አጠረና የጥገናው ውል ሳይታደስ ቆየ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ለወራት አንድም ሳይነሳ መሬት ላይ ተኙ። ማንም አልከለከላቸውም እኮ።

ስለዚህ የአዲስ ጀት ዜና ስሰማ አላጨበጭብም፣ አላላግጥምም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ሞተሩ የሚታደሰው የት አገር ነው? አብራሪው በዓመት ስንት ሰዓት ይበራል? ከአሥሩ ጀት ስንቱ ዛሬ ጠዋት ተነስቶ መብረር ይችላል? ባለሱቁ ነገ ቢያኮርፍ ስንት ወር እንቆያለን? ቢሾፍቱ ያለው ደጀን አቪዬሽን ቆሞ የነበረ አውሮፕላን ጠግኖ አበረረ ሲባል፣ እውነቴን ነው፣ ከአዲስ ጀት ሰልፍ በላይ ደስ ይለኛል።

«ይህ የወታደር ምስጢር ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው፣ በከፊል። የሚሳይሉን ቁጥር አልጠየቅኩም። ግን በብድርም ይሁን በጥሬ፣ የሚከፈለው ከእኛ ኪስ ነው፣ የሚከፈለውም በዶላር ነው። የጀቱ ዋጋ ገና መግቢያው ነው፣ ዕድሜ ልኩን የሚበላው ሌላ ነው። አንድ ኤፍ-35 አንድ ሰዓት ለመብረር ከ30 ሺሕ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሱኮይም ርካሽ አይደለም፣ ሁለት ሞተር ነው ነዳጅ የሚጠጣው።

«ድሃ አገር አይመርጥም፣ የሸጠለትን ነው የሚገዛው» የሚሉም አሉ። ይህኛው ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። 1970 ላይ ማን ምርጫ ነበረው? ጠላት በር ላይ ቆሞ ጨረታ አይወጣም። ግን ለዚህ ነው እኮ መካኒክ በሰላሙ ጊዜ የሚሰለጥነው፣ ስፔርም በሰላሙ ጊዜ የሚከማቸው።

ይህን ሁሉ ለባጃጁ ልጅ አልነገርኩትም። ፀሐይ ነበር፣ ሌላ ባጃጅም መጣ። ስሳፈር ከኋላዬ «ታዲያ ራፋል ነው ሱኮይ?» አለኝ። «ስፔሩ የት ይሸጣል?» አልኩት። «ሂድ አቦ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት በልጁ ቤት በር ሳልፍ ባጃጇን አየኋት። አሁንም ዕቃው አልመጣም። አንድ ጎማዋ ተፈትቷል። ለጎረቤት ባጃጅ አውሰውት ነው አሉኝ።