መርከብ «መጣሁ» አያውቅም

ከአማርኛ ግሦች ሁሉ እንደ «መጣሁ» ያለ ቀጣፊ የለም። ሰዋስው ኃላፊ ጊዜ ነው ይለዋል፤ ተናጋሪው ግን ገና ፎጣ አገልድሞ ካልሲ እየፈለገ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲባል ጉዳቱ አንድ ተጨማሪ ማኪያቶ ነው። ከአሜሪካ በክሩዝ መርከብ የመጣ ሰው ሮም ለሚኖሩ አብሮ አደጎቹ ደውሎ «መጣን፣ መንገድ ላይ ነን» ሲባል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። ማስታወቂያው «ሮም» የሚለው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ሮም ከዚያ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሞጆ አውርዶ «አዲስ አበባ ገባችሁ» እንደማለት ነው። መርከቡ 7:00 ላይ ቆሞ 18:00 ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ ከ17:30 በፊት መግባት አለበት። ከመርከቡ ሥር የወደቡ አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ የሚባል ፌርማታ ያደርሳል፤ ከዚያ ባቡር ጣቢያው በሌላ አውቶቡስ ወይም ሃያ ምናምን ደቂቃ በእግር ነው። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት ማሽን ላይ ይመታል፤ ያልመታ ሰው ከፍሎም ይቀጣል። ተራው ባቡር የሮም ዋና ጣቢያ ቴርሚኒ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። መመለሻውን በ15:00 ካደረጉት፣ ከአሥራ አንዱ ሰዓት ለሮም የሚተርፈው አምስት ግድም ነው። ከአምስቱ ሁለቱን «መጣሁ» ይበላዋል።

ደግሞ «በስድስት እንገናኝ» የሚባል ወጥመድ አለ። ለእንግዳው ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ጣሊያን ሃያ ዓመት ለኖረው ወዳጁ ስድስት ማለት 18:00፣ መርከቡ ገመዱን የሚፈታበት ሰዓት ነው። ስለዚህ 12:00 ብሎ በአኃዝ መጻፍ፤ የጣቢያውንም ስም አብሮ። «ጣቢያው ጋ» ብሎ ነገር የለም፤ ሳን ፒየትሮ ጣቢያ ነው፣ ኦስትየንሴም ጣቢያ ነው።

ያረፈደው ሰው መከላከያው ሁሌም አንድ ነው፦ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ይህችን ተረት እወዳታለሁ፣ አልዋሽም። ስንት ተረት ስለ ጅብና ስለ አህያ ብቻ ሲያወራ እሷ ተስፋ ይዛ መጥታለች። ነገር ግን ዕንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው 21 ቀን ከታቀፉት በኋላ ነው። የኮሎሲየም ቲኬት ስምና ሰዓት ተቆርጦለት ይሸጣል፤ የቀረው ሰው ስም ላይ ሌላው አይገባበትም። ገንዘቡ ይቀልጣል፣ ዕንቁላሉም አይፈለፈል።

ከኮሎሲየሙ ጎን የቆንስጣንጢኖስ ቅስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚያ ነው። ዛሬ የእሱ አገር ሰው ጫማ አድርጎ በሜትሮ አራት ፌርማታ ለመምጣት ያንኑ ያህል ይወስድበታል።

አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። አዎ፣ ሐውልታችን ያኔ ሮም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ወስደው ከቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ገተሩት። በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ዘረፋውን እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የመጣው በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ፣ በአንቶኖቭ። አምሳ ስምንት ዓመት! «መንገድ ላይ ነው፣ መጣ» እያሉ ስንቱን አያት ቀበርን። እነሱ ናቸው ታዲያ «የሀበሻ ቀጠሮ» ብለው የሚስቁብን? በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም።

ወደ ምሳው። ቴርሚኒ ዙሪያ የሀበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፤ ችግሩ እንጀራው ሳይሆን ሒሳቡ ሲመጣ ነው። አንዱ የአስተናጋጇን እጅ ይይዛል፣ ሌላው ካርዱን ማሽኑ ላይ ሊለጥፍ ይዘላል፣ «በእናትህ!»፣ «አንተ እንግዳ ነህ!»፣ «እንዲያውም ሁለተኛ አልመጣም!»። ማሽኑ «ክፍያው አልተሳካም» ብሎ ሁለቱንም ያስታርቃል። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ቡናውማ አይነሳ፤ በረካ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው። እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል፤ የቺቪታቬኪያ ባቡር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከ25 እስከ 29 ካሉት መስመሮች ነው፣ ከአዳራሹ አሥር ደቂቃ ያስኬዳሉ። መርከቡ የሚጠብቀው ራሱ የሸጠውን ጉብኝት ተሳፋሪ ብቻ ነው። በራሱ የወጣ ሰው ካመለጠው እስከ ቀጣዩ ወደብ በገዛ ኪሱ ይከተለዋል፤ ፓስፖርቱን ካቢን ውስጥ ትቶ ከሆነማ ሌላ ጣጣ።

ሩጫ፣ ላብ፣ መስኮት ሥር ወንበር። ባቡሩ ላዲስፖሊን ሲያልፍ ስልክ ይጮኻል። ጠዋት መንገድ ላይ የነበረው ወዳጅ ነው።

«የት ናችሁ? ቴርሚኒ ደርሻለሁ እኮ!»