መንገድ መሻገር በሽምደዳ?

እኔን የሚያበግነኝ፣ ልጆቹ «ዜብራ ምንድን ነው?» ሲባሉ ፈተና ላይ አሥር ከአሥር ይደፍናሉ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጡ ግን ከቆመ መኪና ጀርባ ተስፈንጥረው አስፋልት ውስጥ ይገባሉ። ምን ያድርጉ? ማንም መንገድ ዳር ወስዶ አላሳያቸውም። ፖስተር ተለጠፈ፣ መዝሙር ተዘመረ፣ በቃ ተማሩ ተባለ!

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል አንደኛው የትራፊክ አደጋ ነው ይላል። እኛ አሁንም ሰሌዳ ላይ መብራት እንስላለን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ያውም ሾፌሩ ፍሬን ሳይረግጥ። ትንሽ ልጅ ይህን በወሬ እንዴት ይገምተው? ርቀትና ፍጥነት መለካት ገና አልበሰለለትም እኮ! መንገድ ዳር አቁሙት። ከቆመው መኪና ጫፍ ላይ ቆም ብሎ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ግራ ቀኙን ይይ፣ ሾፌሩ እንዳየው ያረጋግጥ፣ እስኪለምደው ይደጋግመው።

ትምህርት ቤቶቹ «ጊዜ የለንም» ይላሉ። ለስብሰባና ለንግግር ሲሆን ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ወላጁም ያው ነው፤ ልጁን እየጎተተ በቀይ መብራት ይሮጥና «አንተ፣ መኪና እንዳይገጭህ!» ይላል።