ለክቡር የሞተር ውሃ ፍሳሽ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቋሚ አድራሻዎን እንዲያሳውቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ጤናዎ አልጠይቅም፤ በሥራ ገበታዎ ላይ መሆንዎን የራዲያተሩ ማጠራቀሚያ በየጠዋቱ ይነግረኛል። ማታ ከላይኛው ምልክት ጋር ተስተካክሎ ያደረው ውሃ ጠዋት ዝቅ ብሎ ይገኛል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ሞተሩ ደረቅ ነው፣ እርስዎም የሉም። ደመወዝ ሳይከፈለው እንዲህ የሚተጋ ሹም አይቼ አላውቅም።

የመሥሪያ ቤት ምርጫዎን ግን አደንቃለሁ። በተራ አውቶሞቢል ቢመደቡ ኖሮ ኮፈኑን ከፍቶ መፈለግ በተቻለ ነበር፤ ሞተሩ፣ ራዲያተሩና የማሞቂያው ቱቦዎች እጅ በሚደርስበት ስፍራ ይገኛሉና። እርስዎ ሞተርሆምን፣ አልጋና መታጠቢያ ያለውን ተንቀሳቃሽ ቤት፣ መረጡ። ሞተሩ ከኋላ በሆነው ዓይነት የሾፌሩን እግር የሚያሞቀው ማሞቂያ ከፊት ነው። ስለዚህ ትኩሱ ውሃ በወለሉ ሥር የመኪናውን ቁመት ሙሉ ይጓዛል፣ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። በአንዳንዶቹ ከሶፋው ሥር ሁለተኛ ማሞቂያ ተደብቋል፤ የመታጠቢያውን ውሃ የሚያሞቀው በርሜልም ከሞተሩ ሙቀት ድርሻውን የሚወስድ አለ። እያንዳንዱ መገናኛ ሁለት አፍ አለው፣ እያንዳንዱ አፍ አንድ ማጥበቂያ፣ እያንዳንዱ ማጥበቂያ ደግሞ ለእርስዎ አንድ ቢሮ ነው። የሠራው ሰው ይህን ሁሉ ዘርግቶ ሲያበቃ አልጋ አነጠፈበት። እርስዎን ማነጋገር የሚፈልግ ባለጉዳይ ፍራሹን አንሥቶ፣ ጣውላውን ፈትቶ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ በሆዱ መተኛት አለበት። ያም ሆኖ «ዛሬ አልገቡም» ተብሎ ይመለሳል።

ጠብታዎ በሚያርፍበት ቦታ እርስዎ ተገኝተው አያውቁም። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዎታል፤ ሲቆም በሻንሲው ብረት ላይ ተንሸራትተው አንድ ቡሎን ዘንድ ይደርሱና ከዚያ ይወድቃሉ። ቡሎኑ ይከሰሳል። የጋለ ብረት ላይ ካረፉማ መሬት ሳይነኩ ይተናሉ፤ የሚቀረው የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታና በማኒኮቶው (በጎማ ቱቦው) ጫፍ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ብቻ ነው። ይህ ቅርፊት ፊርማዎ ነው። ሞተሩን በደንብ አጥቦ ፍለጋ የሚጀምር ሰው በገዛ እጁ ማስረጃውን ያጠፋልዎታል፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምስጋና ደብዳቤ እጽፍለት ነበር።

በስምዎ የሚታሰር ንጹሕም አለ። ኤር ኮንዲሽነሩ ከአየር የሚያጠራቅመው ውሃ ከሥር ሲንጠባጠብ «ያው እርሱ ነው» ተብሎ ስንት መኪና ይፈታል። ልዩነቱ በሁለት ጣት መካከል ይታወቃል፦ የእርሱ ቀለምም ሽታም የሌለው ውሃ ነው፣ የእርስዎ ያሟልጫል። ቀለምዎን ግን ማንም አይመነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መሆን የአምራቹ ምርጫ እንጂ የዓይነት መታወቂያ አይደለም፤ በቀለም ብቻ ተመሳስሎ የማይስማማ አንቱፍሪዝ (ውሃው በብርድ እንዳይረጋ የሚቀላቀል ፈሳሽ) የጨመረ ሰው ዝቃጭ ሊያተርፍ ይችላል።

የሥራ ሰዓትዎስ መቼ ነው? ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቱፍሪዝ የሆነው ድብልቅ እስከ −37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሳይረጋ ይቆያል። ክዳኑ ግፊቱን ሲይዝለት፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከውጭው አየር በላይ 1 ባር ገደማ፣ ከ120 ዲግሪ በላይ ሞቆም አይፈላም። ለሞተሩ ጤና የታሰበው ይህ ግፊት ለእርስዎ ጉልበት ሆኖዎታል፤ መኪናው ሲሮጥ ይወጣሉ፣ ሲቆምና ሲበርድ ይሰወራሉ። የአጎትዎ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው የብርድ ፈረቃ ይሠራል። ሌሊት ጎማውና ብረቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ማጥበቂያው ይላላል፣ ጎሕ ሲቀድ ጥቂት ጠብታ ያመልጣል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል። መካኒኩ ሲደርስ ሁሉም ሰላም ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ውሸታም ሆኖ ይቆማል።

የሙቀት ጠቋሚው ይጠብቀናል የሚሉ አሉ። ጠቋሚው ግን ሙቀት የሚለካው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ነው። ውሃው አልቆ በእንፋሎትና በባዶ አየር ከተከበበ መርፌው ጭራሽ ተረጋግቶ ሊቀመጥ ይችላል። በኋላ ቢያስጠነቅቅም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከመርፌው ይልቅ ቀዝቃዛ አየር መንፋት የጀመረውን ማሞቂያ አምናለሁ፤ ውሃ ማነሱን ቀድሞ የሚናገር ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

አማካሪዎችዎን ሳላነሣ አላልፍም። አንዱ ፓምፑን ቀይር ይላል፣ ሌላው ራዲያተሩን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። የት እንዳሉ ያላየ ሰው ዕቃ ሲያስቀይር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ከመምታት በምን ይለያል? ከሁሉም የባሰው ያ ጠርሙስ ነው፦ ራዲያተር ውስጥ ይፈስሳል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሰው ያርፋል ይባላል። ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ለቀረ ምናልባት ይሁን። ነገር ግን የእርስዎን ቀዳዳ ከማሞቂያው ቀጭን ቧንቧ ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም፤ ሁለቱንም ይደፍናል። የሞተርሆም ባለቤት ደግሞ የሚደፈኑ ማሞቂያዎች አያንሱትም።

ስለዚህ እኔ የምጠራዎት በመጥሪያ ነው። መጥሪያው የእጅ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ያለው መሞከሪያ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ (የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ለፈላ ውሃ ይሰጣል) በክዳኑ ምትክ ይገጠማል፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ይነፋል፣ ከዚያ ይጠበቃል። መርፌው ከወረደ ችሎት ቀርበዋል ማለት ነው። የሞተሩ ድምፅ በሌለበት ዝምታ ውስጥ ጢስ የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ በማኒኮቶው የታችኛው ከንፈር ላይ አንዲት ጠብታ ታብጣለች፣ ትረዝማለች፣ ማጥበቂያው ጥግ ላይ ተንጠልጥላ ታመነታለች። እርስዎን ፊት ለፊት ማየት እንዲህ ነው። ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ እንጨት ላይ የታሰረ መስታወት ይገባል፤ ውሃው ውስጥ የሚጨመር ልዩ ቀለምም አለ፣ በጨለማ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት የሄዱበትን መንገድ እያበራ ያሳያል።

ቤት ላለው መኪና ግን ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ግዛትዎን ለሁለት መክፈልን ነው። ወደ መኖሪያው ክፍል የሚሄዱት ሁለቱ ቱቦዎች ሞተሩ አጠገብ በቫልቭ ይዘጋሉ፤ ቫልቭ ከሌለ ይፈቱና የሞተሩ ሁለት አፎች በአጭር ቱቦ ይገናኛሉ። ከዚያ ሞተሩ ብቻውን ይነፋል። መርፌው ከጸና እርስዎ ከአልጋው ሥር ነዎት፤ ከወረደ ከሞተሩ ጋር ነዎት። ፍራሹን ማንሣት ያለብኝ ከዚህ በኋላ ነው እንጂ ከዚህ በፊት አይደለም።

ከሞተሩ ጋር ከሆኑ መጀመሪያ የማየው በውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ነው። አምራቹ ሆን ብሎ ያስቀራት ናት፤ የውስጡ ማኅተም ሲያረጅ በዚያ ያነባል። ቀጥሎ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተቆለፈበት ጠርዝ፤ እዚያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ትበቃዎታለች። የፊት መስታወቱ በቅባታማ ጉም ከተሸፈነና ምንጣፉ ከረጠበ ደግሞ ከፊተኛው ማሞቂያ ውስጥ ነዎት። ነጭ ጭስ አልቆም ሲል፣ ዘይቱ ወተት ሲመስል፣ ወይም ማጠራቀሚያው ሲብላላ ግን ቀልዱ ይበቃኛል። የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኝ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ በሚለወጠው ፈሳሽ አስመርምሬ በሞተሩ ራስና አካል መካከል ስላለው ማኅተም፣ ስለ ቴስታታው ጋስኬት፣ ከመካኒክ ጋር እነጋገራለሁ።

ሲያዙም በጉልበት አይደለም። አፉ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ማኒኮቶ መጎተት የማሞቂያውን አንገት ይሰብራል፤ በምላጭ በቁመቱ መቅደድ ይሻላል። ማጥበቂያውንም ካቻቢቴው እስኪያቃስት ማጥበቅ ጎማውን መብላት ነው። ብርድ ለሚወደው ዘመድዎ ከጎማው ጋር አብሮ የሚጠብቅና የሚላላ የስፕሪንግ ማጥበቂያ አዘጋጅቼለታለሁ። ቱቦው በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይለብሳል። ሲሞላም በዚያ ረጅም መንገድ አየር ይታሰራልና ማሞቂያዎቹ ሙሉ በሙሉ ተከፍተው፣ ሞተሩ ሞቆና መልሶ ቀዝቅዞ፣ መጠኑ እንደገና ይታያል። ይህን ያልጠበቀ ሰው የጎደለውን ውሃ አይቶ «ተመለሰ» ብሎ ስምዎን በከንቱ ያጠፋል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን አክብሮቴን አነሣለሁ። በብዛት የሚሸጠው አንቱፍሪዝ የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ይጣፍጣል። ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ጥቂቱ ኩላሊታቸውን አጥፍቶ ይገድላቸዋል። የትም ቢያንጠባጥቡ ወዲያው እጠርገዋለሁ፣ የቀዳሁትንም አፈር ላይ አልደፋም።

ይህ ደብዳቤ ከደረስዎት ነገ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ከሥር ባነጠፍሁት ካርቶን ላይ በአንዲት ጠብታ መልስዎን እንዲያሰፍሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ባለጉዳዩ

ግልባጭ፦
ለውሃ ፓምፕ፣ የሆዱን ቀዳዳ በሚመለከት
ለራዲያተር ክዳን፣ እንዲያውቀው
ከሶፋው ሥር ለሚገኘው ማሞቂያ፣ ከዚህ ቀደም ለተጻፈለት መልስ ስላልሰጠ ለመጨረሻ ጊዜ