ጣሊያን በሰዓት፣ ባሌ በከፍታ

ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን በአንድ ሳምንት በአውቶቡስ የዞረ የአውሮፓ ሐበሻ አገር ቤት ሲገባም ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል። «ባሌ ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥተን፣ የሰነቲን አምባ አይተን ማታ ጎባ እናድራለን» ይላል። በካርታ ላይ ልክ ነው።

ጣሊያን ውስጥ አውቶቡሱን የሚያዘው አስጎብኚው ሳይሆን ከሹፌሩ ፊት የተገጠመው ታኮግራፍ፣ የመንዳትና የዕረፍት ሰዓት መዝጋቢው መሣሪያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ በቀን የሚነዳውም 9 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ይፈቀድለታል። ስለዚህ ማኪያቶ ሲጠጣ ሃያ ደቂቃ የዘገየ መንገደኛ የሚበላው የሹፌሩን የሥራ ሰዓት ነው። ቅጣት ከመጣም ሹፌሩንም ይነካል፤ ፊቱ የሚጠቁረው ወዶ አይደለም። ቬኒስ ላይ አውቶቡሱ ትሮንኬቶ በሚባለው ማቆሚያ ቆሞ ሰው በጀልባ ይሻገራል። ሚላኖ ላይ የዳ ቪንቺን የመጨረሻ እራት ለማየት የሚሰጠው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀጠሮው ካመለጠ አለቀ። ሁሉም ነገር ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር ጥድፊያ። (ሮም የፋኦ፣ የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ሕንፃ ፊት ሲታለፍ ግን ቀና ማለት ነው፦ በ1937 እ.ኤ.አ. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስከ ዘመናችን የቆመው እዚያ ነበር፤ አገሩ የገባው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።)

ባሌ ሌላ ሂሳብ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግጭት ከተነሳ ወዲህ የሰሜኑ ጉዞ በየብስ ስለማያስተማምን ብዙ ዳያስፖራ ፊቱን ወደዚህ አዙሯል፤ ቢሆንም የሰሞኑን መንገድ ሳይጠይቁ መነሳት እዚህም አይገባም። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወረዳል፣ ከሻሸመኔ በኋላ ደግሞ በዶዶላ በኩል ሽቅብ ነው። የዲንሾ ከተማ 3,100 ሜትር ገደማ፣ ሰነቲ ከ4,000 በላይ፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖርበት ከተማ በሳምንቱ ሰነቲ የወጣ ሰው ራሱ ቢፈልጠውና ቢያቅለሸልሸው አይገርምም። መድኃኒቱ ዲንሾ ማደር ነው። ጊዜውም አይባክንም፤ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ኒያላው አስፋልት ዳር ቆሞ ይግጣል። ሰነቲ ላይ ሕመሙ ከባሰ ግን «ትንሽ ልረፍ» አይባልም፣ ወዲያው መውረድ ነው።

ሰነቲ የሚወጣው በጠዋት ነው። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው በቀን ስለሆነ ጅብራ በሚባለው ረጅም ተክል መሐል ቀስ እያሉ መፈለግ ነው፤ ከታየ ሞተር አጥፍቶ መኪና ውስጥ መቀመጥ፤ በር ከተከፈተ ይሄዳል። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው።

ሹፌር ሲቀጠርም የሚረሳ ነገር አለ። «6 ሰዓት እንነሳ» ያለ ዳያስፖራ ሹፌሩ ቀትር ላይ ቢመጣለት ጥፋቱ የራሱ ነው፤ «ከንጋቱ 12» ማለት ነበረበት። ገንዘቡም እንዲሁ ያጨቃጭቃል። ጣሊያን ላይ ከአዳር ግብር በቀር ሁሉንም ከፍሎ የመጣ ሰው የባሌ ተራሮች ፓርክ በር ላይ መግቢያ፣ የአካባቢ አስጎብኚና ስካውት ለየብቻ ሲጠየቅ «ተበላሁ» ይላል። አልተበላም፤ የመኪና ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው መኪና፣ ነዳጅና የሹፌር አበል ነው። የአካባቢው አስጎብኚ ለእያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ለቡድኑ በቀን ይከፈለዋል። ምን ተካቷል ምን አልተካተተም የሚለውን ሲዋዋሉ በጽሑፍ መያዝ ነው፤ ጥሬ ብርም ከከተማ አውጥቶ መሄድ። የውጭና የአገር ሰው ዋጋ ስለሚለያይ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ኪሱ ውስጥ ያድርገው፣ ሻንጣ ውስጥ አይቅበረው።

ከሰነቲ ወደ ሐረና ደን ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በትንሽ ማርሽ መውረድ ነው፤ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሹፌር ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል፤ ጎማው ላይ ውኃ ለማፍሰስ መሮጥ አይገባም፣ ጥግ ይዞ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ታች ሲደረስ ሙቀት ነው፣ በጫካው ውስጥ የበቀለ ቡና ነው። ጠዋት በብርድ የተንዘፈዘፈ ሁሉ ጃኬቱን አውልቆ ሻንጣ ውስጥ ይጠቀጥቃል። አይጠቅጥቅ፤ መመለሻው ያው በሰነቲ ነው።